ከኮሶው ስር የገዛሁት ገብስ

ይንገሩን ብለው የያዙኝ ልጆቹ ናቸው፤ የልጄ ልጆች ማለቴ ነው። ያን ቀን ሁለቱን ይዤ ምስር ልገዛ ሱቅ ወርጄ ነበር። እንደ ልማዴ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት እጄን ዘርግቼ የባለሱቁን እጅ ያዝኩት፤ ሙቀቱ እስኪሰማኝ ድረስም አልለቀቅሁትም። ከዚያ በኋላ ነው «ምስሩ በስንት ነው?» ያልኩት። ስንመለስ ታናሺቱ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«እማማ፣ ባለሱቁ እኮ እርስዎን ሲያይ እጁን ኪሱ ይከታል» አለችኝ።

ታላቋ ግን አልሳቀችም። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። የሻጩን እጅ ሳይነኩ ምንም ነገር አይገዙም። ለምንድነው?» አለች።

ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ በጨዋታ አልፈው ነበር። እሷን ግን ማለፍ አልሆነልኝም፤ ነገሩ የሆነው እሷ ገና ክርስትና ሳትነሣ፣ በእሷው ሆድ ምክንያት ነው። ስለዚህ ደብተር ግዙልኝ አልኳቸው። ገዙልኝ፤ በስንት እንደገዙት ስጠይቃቸው ግን ተያይተው ወሬ ቀየሩ። ተወዶባቸዋል ማለት ነው። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት የዕድር ስም ዝርዝር ላይ ስሜን ብቻ ነው። እንግዲህ እንደምናገረው ነው የምጽፈው።

ቤቴን ያቆምኩት በእግሬ ነው። ላሊበላ የእንግዳ አገር ነው፤ ፈረንጁ በአውሮፕላን፣ ተሳላሚው በእግሩ ይመጣል። ሆቴሉ እየበዛ ሲሄድ የእንቁላሉም የቲማቲሙም ዋጋ እኛን ትቶ እንግዳውን ማየት ጀመረ። ገና ሲቃረብማ ዶሮዋ ራሷ ዋጋዋን የሰማች ይመስል አንገቷን አቅንታ ነበር የምትሄደው። ስለዚህ እህል ከከተማ አልገዛም ነበር። አንድ ገበያ ሲወደድብኝ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። መሄድ ደግሞ እወዳለሁ፤ ሟቹ ባለቤቴ «አንቺ ርካሽ ጨው አለ ቢሉሽ ሰማይ ጥግ ትደርሻለሽ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የእኔ ብልሃት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ገበያ መሃል አለመግዛት። ወይ ገበያው ሳይደራ ዳገቱ ራስ ላይ ቀድሞ መጠበቅ ነው፤ ሸክም ይዞ የወጣ ሰው ለማራገፍ ይቸኩላል፤ ወይ ደግሞ ሊበተን ሲል መግዛት ነው፤ ይዞ መመለሱን ማንም አይወድም። ሁለተኛው ምርቃት ነው። ጣሳው ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ በላዩ የምትጨመረዋ እፍኝ። ብዙ ሰው እሷን ለመጠየቅ ያፍራል። እኔ አላፍርም። የነጠላዬን ጫፍ ዘርግቼ እናቴ ትል የነበረውን እላለሁ፤ «ምርቃት የሌለው እህል ሆድ አይደርስም።» ሰው ሁሉ ይስቅና ይጨምርልኛል። እፍኝ በእፍኝ ላይ ስትደረብ በዓመቱ የአንድ ወር ቀለብ ትሆናለች።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ልጄ በኅዳር መጀመሪያ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ነበር፤ ከሄደ ወዲህ ወሬም ብርም አልላከም። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ አራሷን የማበላው እኔ ነኝ። ያለኝ ደግሞ የጥጥ ፈትሌ ብቻ ነው፤ ፈትዬ ለሸማኔ እሸጣለሁ።

ልጄ ቀጭን ናት፤ የመጀመሪያዋም ነው። የገብስ ገንፎና አጥሚት ስታገኝ ወተቷ ይመጣል፣ ስታጣ ይሸሻል። በሁለተኛው ሳምንት ለይቼ አየሁት። ሕፃኗ ጡቱን ይዛ ትስባለች፣ ትስባለች፣ ከዚያ ትተወውና ታለቅሳለች። በኋላ በኋላ ለቅሶዋም እየቀጠነ መጣ። እኔን ያስፈራኝ ጩኸቷ አይደለም፤ መቅጠኑ ነው። የከተማውን ገብስ ጠየቅሁ፤ ዋጋውን ሰምቼ ተመለስኩ።

እንግዲያ ደጋው ላይ ሙጃ ገበያ ነው ያለው አልኩ። ደገኛው ገብሱን ገና ከአውድማ ያነሣበት ወር ነው። ጎረቤቴ ሽንኩርትና በርበሬ ይዛ ወደዚያ የምትወጣ ነጋዴ ነበረች፤ አህያ አላት፣ አፍም አላት።

«ሁለት ጣሳ ለማትረፍ አንድ ጫማ ልትጨርሺ?» አለችኝ።

«ጫማው ኮንጎ ነው፤ አያልቅም።»

«እግርሽስ?»

«እግሬን በነጻ ነው ያገኘሁት» አልኳት።

ልጄን ለሌላ ጎረቤት አደራ ብዬ ወጣን። የመጀመሪያውን ሌሊት ኩልመስክ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርን። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጎረቤቴ አህያዋን ይዛ ሰፊውን መንገድ ያዘች። እኔ አቋራጩን ወጣሁ፤ ዳገቱ ራስ ቀድሜ ደርሼ የሚወርደውን ገብስ ልጠብቅ።

ላዩ ስደርስ ገና እየነጋ ነበር። ውርጭ ወርዷል። ታጭዶ ያለቀው ማሳ፣ ድንጋዩ፣ ያደረው የበግ በጠጥ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ወደ ኋላ ሳይ የእኔ ዱካ ብቻ ጥቁር ጥቁር ሆኖ ከበታች ድረስ ይታያል። ወፍም ውሻም አይሰማም። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ብቻውን የቆመ ኮሶ አለ። ከስሩ አንዲት ሴት ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ የእህል ስልቻ፣ ከጎኗ ጣሳ።

ደስ አለኝ፤ ቀደምኳቸው ብዬ። ወደሷ ስሄድ ግን ልቤ አንድ ነገር አለኝ። ዙሪያዋን አየሁ። ከላይም ከታችም ወደ እሷ የሚሄድ ዱካ የለም። ነጩ ሣር ሳይነካ እንዳለ ነው። የጋቢዋም ጀርባ እንደ ድንጋዩ ውርጭ ለብሷል።

«እንደምን አደርሽ» አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንደምን አደሩ» አለች። ቀና አላለችም። ድምጿ የወጣት ነው፤ ሠላሳ ቢሆናት ነው።

«ገብስ ነው?»

«ገብስ ነው።»

ዋጋውን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ደህና ዋጋ ነው፤ ግን የመጀመሪያ ዋጋ የሚቀበል ሰው አይደለሁም። እጄን ስልቻው ውስጥ ከተትኩ። ደረቅ፣ ፍሬው ሙሉ፣ እንደ ዶቃ የሚንሸራተት ገብስ ነው።

«ቀንሺልኝ እንጂ ልጄ» አልኳት። «ለአራስ ልጄ ነው። ወተት አልወርድላት ብሎ ነው በዚህ ውርጭ የመጣሁት።»

ጣሳውን ያነሣችው እጇ ባለበት ቆመ። እኔ ግን ክርክር ውስጥ ገብቻለሁ፤ ልብም አላልኩት። የነጠላዬን ጫፍ ዘረጋሁ።

«ምርቃቱንም ካሁኑ አስቢበት። ምርቃት የሌለው እህል ሆድ አይደርስም።»

ጣሳው ከእጇ ወደቀ። ድንጋዩ ላይ ተንከባለለና እግሬ ስር መጥቶ ቆመ። አንሥቼ ስልቻዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ስንት ይዘሻል?» አለችኝ።

አንቺ አለችኝ። በእኛ አገር ታናሽ ታላቋን እንዲህ አትልም፤ ቅር ልሰኝ ነበር። ግን ንቀት የለበትም። ሰው በቤቱ ውስጥ እንደሚናገረው ያለ ነው።

«ብዙ አይደለም» አልኳት።

«ያለሽን ድንጋዩ ላይ አስቀምጪ።»

አስቀመጥኩ። ትሰፍር ጀመር። ጣሳውን ሞልታ፣ በላዩ ቆልላ፣ እየፈሰሰ ስልቻዬ ውስጥ ትገለብጠዋለች። በገለበጠች ቁጥር «ነፍስ ይማር» ትላለች፤ በሹክሹክታ። እኔም «አሜን» አልኩ። ዘመድ ሞቶባት ይሆናል ብዬ ነው፤ «አሜን» ማለት ደግሞ ገንዘብ አያስከፍልም። ገንዘቤ ከሚችለው አለፈች፤ አላቆመችም። ስልቻዬ ሞላ። ምርቃቱን በእፍኟ አምስት ጊዜ ጨመረችልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብዬ እጇን ልይዝ ስዘረጋ፣ እሳት እንደቀረባት ሰው እጇን ጋቢዋ ውስጥ ከተተች።

«ልጅሽ ትብላ» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

መታጠፊያው ላይ ዘወር ብዬ አየኋት። ገንዘቡን ያስቀመጥኩበት ድንጋይ ላይ ግንባሯን ደፍታ ነበር።

ለጎረቤቴ አልነገርኳትም። ርካሽ ቦታ ያገኘ ሰው አይናገርም፤ የገበያተኛ ሕግ ነው። ገብሱ ተፈጨ፤ ልጄ ገንፎ በላች፣ አጥሚት ጠጣች፣ ወተቷ ወረደ። የሕፃኗ ለቅሶ ወፈረ። ቤቱ ውስጥ ያን ለቅሶ ስሰማ እንደ ዘፈን ነበር የሚጥመኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ ገብሱ ተመናመነና እንደገና ሄድኩ። ውርጭ ነው፤ ዱካ የለም፤ ሴትዮዋ ኮሶው ስር አለች። አሁን ግን ፊቷ ወደ መንገዱ ነበር። ስጠጋ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

«ልጅሽ ወተት ወረደላት?» አለችኝ፤ ሰላምታ ሳትሰጠኝ።

«ወረደላት፣ ይመስገን።»

እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ ድምፅ የለውም። አትጠርገውም። እየሰፈረች፣ በየጣሳው «ነፍስ ይማር» እያለች፣ ድንገት ጠየቀችኝ፤ «ያለሽበት ቦታ ብርድ አለው?»

«ቤቴ ነው? ኧረ ሣር ክዳን ነው፤ ብርድ አያስገባም» አልኳት።

«ጨለማስ?»

«ኩራዝ አለን።»

«ተመስገን» አለችና ምርቃቱን ጨመረች። እኔ የጠየቅኋትን ግን አትመልስም። አገሯ የት እንደሆነ ጠየቅሁ፤ የስልቻዬን አፍ አሰረች። «ነፍስ ይማር» የምትለው ለማን እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አነሣች፤ አየችኝና ፈራች። እኔን ነው የፈራችው። ሰው ሲፈራኝ አይቼ አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ገበያው ውስጥ ጎረቤቴ ስልቻዬን አንሥታ መዘነችው።

«ይሄን ሁሉ በምን ገዛሽው? ሰረቅሽ እንዴ?»

«ኮሶው ስር ከምትቀመጠዋ ሴት ነው» አልኳት።

«የትኛው ኮሶ?»

ነገርኳት። በርበሬዋን መስፈሯን ተወች። «እዚያ ማንም አይቀመጥም» አለች። «የዚህ አገር ሰው ሸክሙን እንኳ አያሳርፍበትም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ እህል ፍለጋ ወጥተው የቀሩት ሰዎች የወደቁት እዚያ ነው። በአንድ ጉድጓድ፣ ያለ ፍትሐት ነው የተቀበሩት። ይሄን ሳታውቂ ነው?»

«ሴትዮዋ ገብስ ሸጠችልኝ እኮ።»

«ዱካ ነበራት?» አለችኝ።

«አልነበራትም» አልኳት። እሷ አማተበች፤ የእሷ ማማተብ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ላሊበላ ስንደርስ ሕፃኗን ትኩሳት ይዟት አገኘኋት። ሰውነቷ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ጡት አትይዝም። ያመጣሁትን ስልቻ ከእግሬ ስር አየሁት። በዚያ በነጭ ሣር መሃል፣ በየጣሳው «ነፍስ ይማር» እየተባለ የተሰፈረ እህል ነው፤ ያንን ነው ያጠባናት አልኩ። ወደ ንስሐ አባቴ ሮጬ ነገሩን ነገርኳቸው።

«አባ፣ የሙት እህል ይበላል?»

አባ ሽማግሌ ናቸው፣ ነገር አያቻኩላቸውም። «በስንት ሸጠችልሽ?» አሉኝ።

«ያለሽን አስቀምጪ ነው ያለችኝ።»

«እንግዲያማ ከላሊበላ ነጋዴ ሁሉ እሷ ትሻላለች» አሉ። ፊቴን ሲያዩ ግን ቀልዱን ተዉት። «እህል የእግዚአብሔር ነው ልጄ። አማትበሽ ብዪ።»

አማተብኩ፤ ግን መብላት አልሆነልኝም። ስልቻውን ተሸክሜ ደጀ ሰላም ወሰድኩና ለነዳያን አከፋፈልኩት፤ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ። በሕይወቴ ያለ ክርክር የሰጠሁት እህል እሱ ብቻ ነው። በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቃት። «አየሽ» አልኳት ጎረቤቴን። እሷ ሕፃኗን ገላለጠቻት፤ «ስንት ጋቢ ነው የደረባችሁባት? እኔም ብሆን እፋጅ ነበር» አለች።

እህሉ ግን ወጥቷል። ቤቱ ባዶ ነው፤ የገና በዓል ደርሷል፤ ዋጋው ጣራ ነክቷል። በሳምንት ውስጥ የልጄ ጡት እንደገና ሸሸ፤ ያ የሚቀጥነው ለቅሶም ተመለሰ። ሁለት ቀን ሰማሁት። በሦስተኛው የመጨረሻውን ፈትል ሸጬ፣ ጠበል በብልቃጥ ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ሰው ትሁን ሰይጣን፣ እጇን እይዛታለሁ አልኩ። ከሞቀ ሰው ናት። ካልሞቀም ገብሱን እገዛለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ለዚያ ሕፃን ከየትኛውም ነጋዴ እገዛ ነበር።

በዚህ በሦስተኛው ጉዞዬ ውርጩ ከሁሉም የከፋ ነበር። ሴትዮዋ ቆማለች። ጣሳ አልያዘችም። ከፊቷ አፉ የታሰረ፣ የሞላ ስልቻ አለ።

«ከዚያ አትለፊ» አለችኝ ከሩቅ።

ቆምኩ። ብልቃጡን ከነጠላዬ ስር አወጣሁ።

«ገብሱ ይኸውልሽ። ሁሉም ያንቺ ነው።»

«ገንዘብ ይዣለሁ…»

«አልፈልግም። እስካሁን ያስቀመጥሽው ይበቃል።»

«ልጄ…» ብዬ ልጀምር ስል አቋረጠችኝ።

«ልጅሽ ጠግባለች» አለች። «በቃሽ። ከእንግዲህ በዚህ መንገድ አትንከራተቺ። እረፊ።»

ዞር ብላ ወደ ላይ ሄደች። ስትሄድ አየሁ፤ በውርጩ ላይ ዱካዋ እንደ እኔው ጥቁር ሆኖ ይቀር ነበር። ሰው ናት አልኩ። ግን አላጽናናኝም። ሰው ከሆነች የልጄን መጥገብ በምን አወቀች? ትናንት ስትራብ ትቻት የወጣሁ ልጅ ናት። የማትራብ ልጅ የትኛዋ ናት? እናቲቱን በቃሽ፣ እረፊ የሚሏት መቼ ነው? ከዚያ ስልቻውን ጀርባዬ ላይ ጣልኩና ቁልቁል ወረድኩ።

ኩልመስክ አላረፍኩም። የአክስቴ ልጅ ከደጇ ስትጠራኝ እጄን ብቻ አወዛወዝኩ። የት እንዳደርኩ፣ ምን እንደበላሁ አላስታውስም፤ ስልቻውን ግን አላወረድኩትም። መንገዱ ሁሉ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቶ ነበር፤ ወደ ገና የሚሄዱ ተሳላሚዎች ናቸው። ሳልፋቸው «እናቴ፣ ቀስ» ይሉኛል። ቀስ አላልኩም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አጥሬ ጋ ደረስኩ። ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቷል። ነጭ የተከናነቡ ሴቶች በረድፍ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም አይናገርም። ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው የሚቀመጡት። አጥሩን ያዝኩ። እግሬ አልገባ አለኝ። እንዲያው አጥሩን እንደያዝኩ ስንት ጊዜ እንደቆምኩ እንጃ።

ጎረቤቴ አይታኝ መጣች። «ምን ትገተሪያለሽ?» አለችኝ። «ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«መቼ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«መቼ ነው የሞተችው?»

ጎረቤቴ እጄን ጎትታ አስገባችኝ። ከሴቶቹ መሃል ልጄ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ተቀምጣለች፤ ሕፃኗ ጡቷ ላይ ናት፤ እየጠባች ታንቀላፋለች። ሴቶቹ ከደጋ የመጡ ተሳላሚዎች ናቸው። ከትናንት ወዲያ ማረፊያ አጥተው ገብተው አራስ መሆኗን ሲያዩ፣ ስንቃቸውን ፈትተው በሶ በጥብጠው አጠጥተዋታል፤ ሁለት ቀን ሙሉ። ዝም ያሉት ሕፃኗ እንዳትባንን ነው።

«እናቴ፣ ጠግቤያለሁ» አለችኝ ልጄ። «ዛሬ እንዲያውም ተረፈኝ።»

ስልቻውን ያን ጊዜ አወረድኩት። ትከሻዬ ላይ ገመዱ የሠራው ጠባሳ ዛሬም አለ፤ ልጆቹ አይተውታል። ያ ገብስ እስከ ሰማንያው ቀን አደረሰን፤ ሕፃኗም ክርስትና ተነሣች። አማቼ በጥር መጣ፤ ብር ሳይሆን ሬዲዮ ይዞ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሙጃ አልወጣሁም። ርካሽ ነው ሲሉኝ እሰማለሁ፤ እግሬ ይነሣል፣ ልቤ ይመልሰዋል። የሻጭ እጅ መንካት የጀመርኩትም ያን ጊዜ ነው። ያቺን ሴት አንዴ ብነካት ኖሮ ያ ሁሉ መንገድ ሩጫ ባልሆነ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት አለፈ። ያቺ ሕፃን ራሷ ከእኔ ቁመት በልጣ፣ ውሃ ቀድታ እግር የምታጥብ ልጅ ሆና ነበር። በአንድ ገና ከሙጃ በላይ የመጡ ተሳላሚዎች ግቢያችን አረፉ። ከእነሱ አንዲት አሮጊት ከእኔ ጋር ቆሎ እየቆረጠመች ስለ ገብስ መወደድ ስናወራ፣ እንደ ቀልድ ጀመረችው።

«የእኛ አገር ሙት እንኳ በዋጋ ትከራከራለች» አለችኝ። «አንዲት ጎረቤት አለችኝ። በክፉው ዘመን አራስ ነበረች። እናቷ ስልቻ ይዛ ገብስ ልፈልግልሽ ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ኮሶው ስር ከወደቁት ጋር ነው የተቀበረችው። ገብሱ ስላልደረሰ ሕፃኗም ሰማንያ ቀኗን አላየችም። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ በገበያ ዋዜማ ማታ ገብሷን ተሸክማ ትሄድና እናቷ ጋ ታድር ነበር። ውርጭ ሳይወርድ ትቀመጣለች፣ ውርጭ ለብሳ ትነሣለች። ብንመክራት፣ ብናስመክራት አልሰማ አለች። ኋላ አንድ ጠዋት እናቷ መጣች።»

ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ። «እናቷ መሆኗን በምን አወቀች?» አልኳት።

«ስልቻ ይዛ ከጉም እንደወጣች መጣች፤ ለአራስ ልጄ ነው ገብሱ አለች። ይሄ ሁሉ ይቅር። የመጀመሪያውን ዋጋ አልቀበልም አለች፤ ነጠላዋን ዘርግታ ምርቃት ጨምሪ አለች። እኛ ሳቅን፤ ሙት ምርቃት ትጠይቃለች ወይ ብለን። እሷ ግን፣ እናቴ ናት፣ በሕይወቷም ምርቃት ሳትቀበል ከገበያ ወጥታ አታውቅም አለችን። ሦስት ጊዜ መጣች። በሦስተኛው ልጅሽ ጠግባለች፣ እረፊ ብላ ሸኘቻት።»

«አሁንስ እንዴት ናት?» አልኳት።

«አሁንማ ቤቷ ታድራለች። ወልዳም ሁለት አሳድጋለች።»

እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ያቺ ሴት እናቷን ሸኝታ ቤቷ ገብታለች፤ አሁን ሄጄ ተመለሽ ልበላት? የአሮጊቷን እጅ ያዝኩት፤ ሞቃት ነው። ሳታውቀው የምታወራላትን ሙት ጨበጠች።

ግን ልማድ አይለቅም። «ገንዘቡን ምን አደረገችው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የሙት ገንዘብ ይበላል እንዴ?» አለችኝ። «አልነካችውም። ከራሷ ጨምራ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ካህናት ጠርታ ተዝካር አወጣችበት።»

እናም ከሙጃ በላይ ባለች አንዲት ደብር፣ እኔ ላሊበላ ቁጭ ብዬ ጥጤን ስፈትል፣ በራሴው ሳንቲም ተዝካሬ ወጥቷል።